ራሱን አስቀድሞ የሚስል ካርቱኒስት

ባለፈው ክረምት ዝናቡ እስኪያባራ አራት ኪሎ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ተጠልለን ሳለ፣ የአሜሪካዊውን ካርቱኒስት የኪት ናይትን ጥቂት ሥራዎች ከስልኬ አሳየኋቸው። አንደኛው ወዲያው ሳቀ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወንድሙ፣ ፖሊስ መኪናውን ባስቆመው ቁጥር ለእናቱ የማይነግረውን ለእርሱ ይነግረዋልና ነገሩ አልራቀውም። ሁለተኛው ግን ስልኩን ተቀብሎ ትንሽ ካየ በኋላ፣ «ስለ ዘረኝነት እንደሆነ ገብቶኛል፤ የሚያሾፈው ግን በየትኛው ዘር ላይ ነው?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ሆኖም ስለ ማንነት የሚቀለድ ቀልድ ሁሉ የሚመዘነው በዚሁ ጥያቄ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እርሱው ነው።

አስቀድሞ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ዘር» ስንል ማሳ ላይ የሚበተነውም፣ የትውልድ ሐረጉም፣ ብሔሩም፣ አሜሪካውያን ሰውን በቆዳ ቀለም የሚከፍሉበት ምድብም በአንድ ስም ይጠራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ «ዘረኛ» ተብሎ የሚሰደበው ለብሔሩ የሚያዳላ ሰው ነው እንጂ በቀለሙ ሰውን የናቀ አይደለም። ስለ መልክ ስናወራም ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን የአንድ እናት ልጆችን እንለይበታለን እንጂ በቀለሙ የተለየ ሕዝብ አናስብም። ቀለምና ዘር የሚጣበቁት «ባሪያ» በሚለው ስድብ ላይ ሲሆን፣ እርሱንም ብዙዎቻችን ከዘረኝነት ቃላት አንቆጥረውም። ስለዚህ የናይትን ካርቱን አራት ኪሎ ተቀምጦ የሚያይ አንባቢ ሁለት ጊዜ መተርጎም ይኖርበታል፤ አንዴ ከቋንቋው፣ አንዴ ከአገሩ።

ናይት እ.ኤ.አ. በ1966 የተወለደ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ቦስተን አካባቢ ያደገ ሰው ነው። ደጋግሞ እንደሚናገረው፣ ኮሌጅ እስኪገባ ድረስ ጥቁር መምህር አላስተማረውም። ሳሌም ስቴት ኮሌጅ ሲገባ የአሜሪካን ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር ጥቁር መምህር አገኘ፤ መምህሩ እንዲነበቡ ያዘዛቸው ደራስያን በሙሉ ጥቁሮች ነበሩ። ለምን ተብሎ ሲጠየቅም፣ ያዘዝኳችሁ አሜሪካውያን ደራስያንን ነው የሚል መልስ ሰጠ። የካርቱን አሠራር በዚህ መልስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የነጭ ደራስያን ዝርዝር ሲሰጥ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ ልማዱ ልማድ መሆኑ የታየው ሲገለበጥ ብቻ ነው። መምህሩ አንድም የቁጣ ቃል አልጨመረበትም። ናይት ሥራዬ ወደ ፖለቲካ ያዘነበለው ከዚያ ወዲህ ነው ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ በአንድ የራፕ ቡድን ውስጥ እየዘፈነ «ዘ ኬ ክሮኒክልስ» የተሰኘውን ሳምንታዊ ካርቱኑን ማውጣት ጀመረ። ሥራው ግለ ታሪክ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ራሱ ሠዓሊው ሲሆን፣ ኪሱ የሳሳ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ብዙ ጊዜም ሞኝ ሆኖ የሚገኝ ሰው አድርጎ ይስለዋል። «የሕይወት ትንንሽ ድሎች» የሚለው ተደጋጋሚ ዐምዱ ከዕለት ኑሮ የሚለቀሙ ጥቃቅን ደስታዎችን የሚቆጥር ነው። ከእርሱ ጎን ለጎን ደግሞ በአንድ ሳጥን ብቻ የሚጠናቀቅ ሌላ ሳምንታዊ ሥራ ያወጣ ነበር፤ ስሙ በእንግሊዝኛ «ማሰብ» እና «የጽሕፈት ቀለም» የሚሉትን በአንድ ቃል ያጣመረ፣ እኛ ብንሆን ኅብር የምንለው ዓይነት ነው። በአንደኛው ስለ ኪራይና ስለ ቁርስ፣ በሌላው ስለ ፖሊስ ጥይት የሚስለው ያው አንድ እጅ ነው። ለትንንሽ ድሎቹ ሲል የመጣ አንባቢ ፖሊሱንም አብሮ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜም የሚያየው ኪራይ ሲያስጨንቀውና ሲሳሳት ለዓመታት የሚያውቀውን ሰው በመሆኑ፣ «እንዲህ ያሉ ሰዎች» ብሎ ለማለፍ አይመቸውም።

በሳን ፍራንሲስኮ የደረሰበት አንድ ነገር ኋላ የታወቀበት ሆነ። የሙዚቃ ቡድኑን ማስታወቂያ ምሰሶ ላይ ሲለጥፍ ፖሊሶች ከሚፈለግ ተጠርጣሪ ጋር ትመሳሰላለህ ብለው አስቆሙት፤ መመሳሰሉ ጥቁርና ረጅም መሆን ነበር። ይህ ገጠመኝ «ዎክ» ለተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ መነሻ ሆነ። ተከታታዩ «ሁሉ» (Hulu) በተሰኘው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ሲወጣ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ማንንም የማያስቀይም ካርቱን እየሳለ ሊታወቅ የተቃረበ ጥቁር ሠዓሊ ነው፤ ፖሊሶች ካንገላቱት በኋላ ብዕሩን ጨምሮ ግዑዝ ዕቃዎች ያናግሩት ጀመር። ቀልዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ስለ ዘር መናገር አይፈልግም፤ ዝም አላሰኝ ያሉት ዕቃዎቹ ናቸው።

ተከታታዩ የታሰበውና የተጻፈው ከዚያ በፊት ቢሆንም፣ የወጣው ግን ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ ጉልበት ሥር ከሞተ አራት ወር ሳይሞላ ነበር፤ ከሁለት ምዕራፍ በኋላም ቆመ። የጊዜው መገጣጠም ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለም። ሞሪ ተርነር የተባለው የኦክላንድ ጥቁር ካርቱኒስት እ.ኤ.አ. በ1965 የልዩ ልዩ ዘር ሕፃናት አብረው የሚጫወቱበትን ዕለታዊ ካርቱን ሲጀምር የገዙት ጋዜጦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ቁጥራቸው ከ100 አለፈ። ተርነር ከግድያው በፊት የሳላቸው ሕፃናት ከግድያው በኋላ ከሳላቸው የሚለዩበት ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው የአዘጋጆቹ ኅሊና ነበር። ሙሾ ሲወጣ ቀልደኛ የሚፈለግበት ገበያ ብርቅ ነው፣ የአሜሪካ ጋዜጣ ግን ለጥቁር ካርቱኒስት በሩን ደጋግሞ የከፈተው በለቅሶ ማግሥት ነው።

በሩ ሲከፈትም የሚያስገባው አንድ ሰው ነው። አሮን ማግሩደር «ዘ ቡንዶክስ» የተሰኘውን ካርቱኑን እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 በብዙ ጋዜጦች ሲያወጣ፣ ሌሎች ጥቁር ካርቱኒስቶች ወደ አዘጋጆች ሲሄዱ የሚሰሙት መልስ «እኛስ አንድ አለን» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 10 ቀን 2008 በርከት ያሉ ጥቁር ካርቱኒስቶች በየራሳቸው ዐምድ አንድ ዓይነት ቀልድ በተመሳሳይ ቀን አወጡ። በእያንዳንዱ ካርቱን ውስጥ አንድ ነጭ አንባቢ የጥቁር ሠዓሊ ሥራ ያይና ይህ የቡንዶክስ ቅጂ ነው ብሎ ያማርራል። ሁሉንም አንድ አድርጋችሁ ካያችሁን፣ ለአንድ ቀን እውነትም አንድ እንሁንላችሁ እንደማለት ነው። ናይት ዕለታዊ ካርቱኑን በትልቅ የካርቱን አከፋፋይ በኩል ወደ ጋዜጦች ያስገባው በዚያው ዓመት ነበር።

ያ ዓመት ከዚህም የከበደ ነገር አምጥቶበታል። የኦባማ ምርጫ ዘመቻ በተጧጧፈበት ወቅት፣ ለቅስቀሳ ቤት ለቤት ከሚዞሩ ሰዎች የተሰማ አንድ ወሬ በካርቱን ሳለ። ቀስቃሹ በር አንኳኩቶ ማንን እንደሚመርጡ ሲጠይቅ፣ ከጓዳ የሚመጣው መልስ ኦባማን በስሙ ሳይሆን ለጥቁሮች በሚነገረው እጅግ አስጸያፊ ስድብ ጠርቶ እርሱን ነው የምንመርጠው የሚል ነበር። በፔንሲልቬንያ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋዜጣ ይህን ካርቱን ሲያትመው ጥቁር ተማሪዎች ተቃወሙ። እኔ በሁለቱም ወገን እውነት አያለሁ። ቀልዱ የሚያነጣጥረው ድምፁን ለጥቁር ሰው እየሰጠ ከአፉ ስድቡን ባልተወው መራጭ ላይ ነው፤ ድምፅ መስጠትና ማክበር ሁለት ነገሮች መሆናቸውን እንዲህ ባጭሩ የተናገረ ሌላ ሥራ አላየሁም። ሆኖም በጋዜጣው ገጽ ላይ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ከቃሉ ላይ ነው፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ የሚስተዋለው ሁለተኛ ነው። በሠዓሊው መጽሐፍ ውስጥ ያ ካርቱን ከፊቱም ከኋላውም ናይት ራሱ አለበት፤ በተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ ግን ብቻውን ቀረ። ባለቤቱ አጠገቡ የሌለ ቀልድ ስድብ የመምሰል ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ የማይወራለት ችግር ግን የእጅ ሥራው ነው። በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር መስመር የሚስል ሰው የቆዳን ቀለም በምን ያሳያል? በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነበሩት የአሜሪካ ካርቱኖች መልሱን ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው በጥቁሮች ከሚያላግጡበት የመድረክ ቧልት ወሰዱት፤ ክብ የጠቆረ ፊትና ሰፊ ነጭ ከንፈር ሆነና፣ አንድ ጥቁር ከሌላው የማይለይበት መልክ ለዐሥርት ዓመታት ጸና። ቻርልስ ሹልዝ አንዲት የሎስ አንጀለስ መምህርት ጽፋለት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1968 ፍራንክሊን የተባለውን ጥቁር ልጅ ወደ ታዋቂ ካርቱኑ ወደ «ፒናትስ» ሲያስገባ፣ ፊቱን በስሱ በተደረደሩ መስመሮች አጠቆረው። ልጁ ጨዋ፣ ብልህ፣ ነቀፋ የሌለበት ሆኖ ተሳለ፤ በዚያ ሁሉ ድክመታቸው በሚያስቁ ሕፃናት መካከል ድክመት ያልተሰጠው እርሱ በመሆኑም ከሁሉ ያነሰ የሚያስቀው እርሱ ሆነ። አክብሮቱ ከጨዋታው አስወጣው ማለት ነው። ናይት መውጫ ያገኘው በተቃራኒው መንገድ ይመስለኛል፤ በችኮላ በሚሄደው ብዕሩ ነጩም ጥቁሩም እኩል ይዛባል፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚዛባው ደግሞ ራሱ ነው።

እኛም ሌላውን የምንስልበት የቆየ ሥርዓት እንዳለን መዘንጋት የለበትም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት ሁለት ዓይናቸው ታይቶ ይሳላሉ፤ ኃጥአንና ጠላት በጎን፣ በአንድ ዓይን። የዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች ይህንኑ ወስደው የኢትዮጵያን ሠራዊት በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖችን በአንድ ዓይን አሰልፈዋል፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ይወርዳል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ወጥቶ፣ ለዐድዋ መታሰቢያነት በተመሠረተው ጊዮርጊስና በ2016 ዓ.ም. በተከፈተው የዐድዋ ድል መታሰቢያ መካከል የሚቆም ሰው ይህን ሥርዓት ሊያሰላስል ይችላል። በዚህ ሥዕል ጠላትን የሚለየው ቆዳው አይደለም፣ የሚለየው የተነፈገው ዓይን ነው። ሥርዓቱ ያኔ ፈገግ ያሰኛል፤ አንድ ዓይን የሚነፈገው ጎረቤት ሲሆን ግን አያስቅም።

የተሳልነውም እኛ የሆንንበት ጊዜ አለ። ኤንሪኮ ዴ ሴታ የተባለው ጣሊያናዊ ካርቱኒስት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለዘመቱ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1935ና በ1936 ግድም የቧልት ፖስታ ካርዶች ሠርቶ ነበር። በአንደኛው ላይ አንድ ወታደር ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ፣ የታሰረች ኢትዮጵያዊት ሴት ለወዳጁ እንደ ጥቅል ዕቃ ሊልክ ይጠይቃል። ካርዱ በእርግጥም በፖስታ የሚላክ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከፋው፤ ወታደሩ ቀልዱን ሲልክ ቀልዱ የሚለውን እየፈጸመ ነበር። በዚሁ ጊዜ ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ ጄ. ኤ. ሮጀርስን ለጦር ዘጋቢነት ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ሮጀርስ በጋዜጣው ላይ የጥቁሮችን ታሪክ በሥዕል እያስደገፈ የሚያቀርብ ዐምድ ነበረው። በ1937 ደግሞ እዚያው ጋዜጣ ላይ ጃኪ ኦርምስ የምትባል ወጣት ሴት ከሚሲሲፒ ወደ ኒውዮርክ የምትሄድ ጥቁር ልጃገረድ ታሪክ በካርቱን ጀመረች። ልጅቷ ባቡር ላይ ለነጮችና ለጥቁሮች የተለየውን የሚያመለክተውን ጽሑፍ ማንበብ እንደማትችል ሆና ወደ ተከለከለው ወገን ትገባለች። ዴ ሴታ በሥዕሉ ውስጥ የለም፤ ከወታደሮቹ ጋር ሆኖ ከውጭ ይስቃል። ኦርምስ የሳለቻት ልጅ ግን የራሷን አለማወቅ እንደ ጋሻ ይዛ ሕጉን ታስቅበታለች። ለወዳጄ ጥያቄ የመልሱ ግማሽ እዚህ ነው።

ቀሪው ግማሽ አዲስ አበባ ላይ ነው። እዚህ ማንነት በፊት ላይ ስለማይነበብ፣ ብሔርን ለመሳል የሚፈልግ ካርቱኒስት ምልክት መፈለግ ግድ ይሆንበታል፤ ልብስ፣ የፀጉር አሠራር፣ ዱላ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አነጋገር። ምልክቱ ሲደጋገም ሰውዬው ይጠፋና ምልክቱ ይቀራል። ቀደም ሲል በካሴት ይሸጡ የነበሩ ቀልዶችን፣ በኋላም የቴሌቪዥን ድራማዎችን ያስታወሰ ሰው ያውቀዋል፤ ዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ባለሱቁ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ይሳቃል። ምን እንዳሉ ለመስማት የሚጠብቅ የለም፣ እንዴት እንዳሉት በቂ ነው። ነገር ግን በዚህ ሳቅ ውስጥ ፈጽሞ ያልተሳለ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የሚስቀው ነው። አነጋገር ያለኝ እኔ ሳልሆን ሌላው ነው፣ ዘር የሚቆጥረውም ሌላው ነው ብሎ የሚያምነው የአዲስ አበባ ልጅ ማለቴ ነው። የናይት መምህር ለገለበጠው ዝርዝር የእኛ አቻ ይህ ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ ቀለም የሌለው ሰው ነጩ እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህ አነጋገር የሌለው ሰው ፒያሳና አራት ኪሎ ያደገው ነው። ይህን የምለው እዚሁ ያደግሁ ሰው ሆኜ ነው፤ በዘበኛው ድራማ ከሁሉ አስቀድሜ የምስቀውም እኔ ነበርኩ።

የጋዜጣ ካርቱናችን ወደዚህ አልገባም። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ እዚሁ ብርሃንና ሰላም እየታተሙ በወጡት የግል ጋዜጦች ላይ ካርቱን የባለሥልጣን አፍንጫና ሆድ መጫወቻ ነበር፤ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነበው ሰውም መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነበር። ባለሥልጣንን መሳል ድፍረት ይጠይቃል። ራስን መሳል የሚጠይቀው ሌላ ዓይነት ድፍረት ነው፤ እርሱ ብዙ አልተሞከረም። አሁን ጋዜጣው ሳስቶ ካርቱኑ ወደ ቴሌግራምና ወደ ፌስቡክ ሲሄድ፣ በተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ የታየው ችግር በየሰዓቱ ይደገማል። ፊርማው ይቆረጣል፣ ሁለተኛው ሳጥን ይጣላል፣ በዘረኛ ላይ የተቀለደው ቀልድ በዘረኛው እጅ ገብቶ ለስድብ ይውላል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የኪነ ጥበብ ፈጠራ የሆነን ንግግር ከክልከላው ለይቶታል፤ በወረቀት ላይ መልካም ነው። ይሁንና ሥራው ጥበብ መሆኑን ለማስረዳት ዕድል የሚገኘው ምናልባት ከተጠየቁ በኋላ ስለሚሆን፣ ብዙ ሠዓሊ ከመጠየቅ ዝምታን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ከዝምታው የተረፈውን ሜዳ የሞሉት ደግሞ ስማቸውን የማይጽፉ፣ ጎረቤታቸውን በአንድ ዓይን የሚስሉ ናቸው።

የናይትን አካሄድ ወደዚህ አምጥቶ የሚሞክር ቢገኝ፣ ከየት ይጀምር ብባል የቀበሌ ወረፋ እመርጥለት ነበር። ፋይዳ ላይ ብሔር አይጠየቅም፤ በአሮጌው የአዲስ አበባ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ግን «ብሔር» የሚል መስመር ለብዙ ዓመታት ነበር። በመጀመሪያው ሳጥን ሠዓሊው ራሱ፣ ከሲታና ዣንጥላው የተሰበረ፣ መስኮቱ ጋ ደርሶ ጸሐፊዋ «ብሔር?» ትለዋለች። በሁለተኛው የአባቱን አባት፣ የእናቱን እናት፣ ያሳደገችውን አክስት ሳይቀር ሲዘረዝር ንግግሩ ሳጥኑን ሞልቶ እርሱ አይታይም። በሦስተኛው ጸሐፊዋ ብዕሯን እንዳነሳች «አንዱን ይምረጡ፤ መስመሩ አጭር ነው» ትላለች፣ ከኋላው የተሰለፉትም መልሱን ለመስማት ሁሉም አንገታቸውን አስግገዋል፤ እርሱ በቁጣ ዘወር ብሎ ያያቸዋል። በአራተኛው ሳጥን ተራው የሚቀጥለው ሰው ነው፤ ጸሐፊዋ «ብሔር?» ስትል፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ በሩ ይሄድ የነበረው ሠዓሊያችን እርምጃውን ገትቶ፣ ጫማውን የሚያስር መስሎ ጎንበስ ብሏል፣ ጆሮው ግን ወደ መስኮቱ ተቀስሯል።